የጓሮው ፍራፍሬ ሲደርስ፦ አለቃቀም፣ አቀማመጥና አበላል

በመኸር ወቅት የጓሮ ፍራፍሬ ያለው ሰው ትልቁ ጭንቀቱ ብዛት ነው። ወራት ሙሉ ዝም ብሎ የከረመ ዛፍ ድንገት ያለውን ሁሉ በአንዴ ይሰጣል። የመጀመሪያው ሳምንት ደስታ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ለጎረቤት ሁሉ ታድሎ አልቋል፣ ቅርጫቱ ግን አልጎደለም። በሦስተኛው ኩሽናው የበሰበሰ ፍሬ ይሸታል፣ ትንኝም ይወረዋል።

ብዙውን ጊዜ እዚህ የሚያደርሰን ሁሉንም በአንድ ቀን፣ በአንድ ቅርጫት፣ ሳንለይ መልቀማችን ነው። በእኔ ግምት የመኸሩን ጣዕም የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ፍሬው ከዛፍ የሚወርድበት ቀን እና በዚያው ዕለት የሚደረገው መለየት። እነዚህ ሁለቱ ከተስተካከሉ ማስቀመጡም፣ መቀቀሉም፣ መብላቱም ይቀላል።

1. የዛፋችሁን ጠባይ እወቁ

አንዳንድ ፍሬ ከዛፍ ከወረደ በኋላም መብሰሉን ይቀጥላል። አፕል፣ ፒር፣ አቮካዶ፣ ማንጎ፣ ፓፓያ፣ ሙዝ፣ ኮክና ፕሪም ከዚህ ወገን ናቸው። ሲበስሉ ኤትሊን የሚባል ጋዝ ያወጣሉ። ጋዙ ራሳቸውንም አጠገባቸው ያለውንም ፍሬ ያበስላል።

ሌላው ወገን ግን በተቆረጠበት ሰዓት የነበረው ጣዕም እንዳለ ይቀራል። ወይን፣ ሮማን፣ ብርቱካን፣ መንደሪን፣ ሎሚና እንጆሪ እንደዚህ ናቸው። ጎምዛዛ ወይን ቆርጣችሁ መስኮት ላይ ብታስቀምጡት ጎምዛዛ ዘቢብ ይሆናል እንጂ አይጣፍጥም። በለስም (የዛፉ እንጂ የቁልቋሉ አይደለም) በተግባር ከእነዚህ ጋር ይቆጠራል፤ ከተለቀመ በኋላ ትንሽ ቢለሰልስም ጣፋጭነት አይጨምርም።

ስለዚህ ለመጀመሪያው ወገን የምትጠይቁት “ደርሷል ወይ?” ብላችሁ ነው። ለሁለተኛው ግን “በስሏል ወይ?” ነው ጥያቄው። የመጀመሪያውን ትንሽ ቀደም ብሎ መልቀም ይቻላል። ሁለተኛው ላይ ትዕግሥት ካጣችሁ ግን መመለሻ የለውም።

2. ዕቃ አዘጋጁ

ብዙ ነገር አያስፈልግም። ስለት ያለው የአትክልት መቀስ፣ ጨርቅ የተነጠፈበት ቅርጫት ወይም ባልዲ፣ ጥልቀት የሌላቸው ካርቶኖች፣ አሮጌ ጋዜጣ። ለረጅም ዛፍ ጫፉ ላይ የጨርቅ ከረጢት ያለው ዘንግ ካገኛችሁ መሰላል ከመውጣት ይሻላል። መሰላል ግድ ከሆነ ደልዳላ መሬት ላይ ይቁም፣ ሁልጊዜም ሁለት እግርና አንድ እጃችሁ ይያዙት። ለአንዲት ሩቅ ፍሬ ብሎ መንጠራራት ነው ሰውን የሚጥለው። እሷን ለወፍ ተዉላት።

ጥፍራችሁንም ቁረጡ። የቀልድ ይመስላል፤ ግን በጥፍር የተጫረ ልጣጭ ለሻጋታ የተከፈተ በር ነው።

3. እያንዳንዱን ፍሬ በራሱ ምልክት ልቀሙ

*አፕል።* ቀዩን ቀለም አትመኑት። ቀይ የሚያደርገው በአብዛኛው ፀሐይ ነው፤ ከመድረሱ በፊትም ሊቀላ ይችላል። የምታዩት ከቀዩ ስር ያለውን የመደቡን ቀለም ነው። ደማቅ አረንጓዴው ወደ ፈዛዛ ቢጫ ሲያዘነብል ጊዜው ቀርቧል። ከዚያ አንዱን ቁረጡና ውስጡን እዩ። ዘሮቹ ነጭ ከሆኑ ገና ነው፤ ቡናማ ከሆኑ በአብዛኛው ደርሷል።

ከዛፉ ላይ የሚደረገው ሙከራ ቀላል ነው። ፍሬውን በመዳፋችሁ ደግፉት። ወደ ላይ ቀና እያደረጋችሁ በቀስታ አዙሩት። የደረሰ ከሆነ ከነጭራው ይላቀቃል። ጭራ የምለው ፍሬውን ከቅርንጫፉ የሚያያይዘውን ቀጭን እንጨት ነው። እምቢ ካለ አትታገሉት፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ተመለሱ። ወደ ታች ጎትቶ መንጠቅ ፍሬው የተንጠለጠለበትን አጭር ቡቃያ ይሰብራል። እዚያ ቡቃያ ላይ ደግሞ የሚቀጥለው ዓመት ፍሬ እንቡጥ አለ።

የበለጠ እርግጠኛ መሆን የሚፈልግ በአዮዲን መሞከር ይችላል። ቁስል ላይ የሚደረገውን ቲንክቸር አዮዲን በውሃ አቅጥኑና በአግድም የተቆረጠውን አፕል ቀቡት። ስታርች፣ ማለትም ገና ስኳር ያልሆነው የፍሬው ዱቄት፣ ያለበት ቦታ ይጠቁራል። ሙሉ በሙሉ ከጠቆረ ጥሬ ነው። መሃሉ ነጥቶ ዳሩ ብቻ ከጠቆረ ለማስቀመጥ ደርሷል። አብዛኛው ክፍል ካልጠቆረ ስታርቹ ወደ ስኳር ተቀይሯል፤ ያ አሁኑኑ የሚበላ ነው። የተቀባውን ፍሬ ግን ጣሉት፣ እንዳትቀምሱት።

አንድ ዛፍ ላይ ያለው አፕል ሁሉ በአንድ ቀን አይደርስም። ፀሐይ የሚያገኘው፣ ከላይና ከውጭ በኩል ያለው ይቀድማል። ጥላ ውስጥ ያለው ይዘገያል። ስለዚህ አንዱን ዛፍ ሁለት ሦስት ዙር መልቀም ልማድ ይሁንላችሁ። የውስጠኛው ፍሬም የውጭው ሲነሳለት ብርሃን ያገኛል።

*ፒር።* ብዙ ሰው የሚቸገረው በዚህ ነው። የተለመደው የአውሮፓ ዝርያ ፒር የሚበስለው ከውስጥ ወደ ውጭ ነው። ዛፍ ላይ እስኪለሰልስ ከጠበቃችሁት ከላይ ሲነካ ደህና ይመስላል፣ መሃሉ ግን ቡናማና ልቁጥ ያለ ይሆናል። ስለዚህ ጠንካራ ሳለ ነው የሚወርደው። የተንጠለጠለውን ፒር ጎን ለጎን እስኪጋደም ድረስ ቀና አድርጉት። ከጭራው መገጣጠሚያ ላይ ከተላቀቀ ደርሷል።

ከዚያ ቅዝቃዜ ይፈልጋል። ዘግይተው የሚደርሱት ዝርያዎች ከጥቂት ሳምንታት እስከ ወር ተኩል ፍሪጅ ውስጥ ካልቆዩ በደንብ አይበስሉም። ቀድመው የሚደርሱት ጥቂት ቀናት ይበቃቸዋል። ስትፈልጉ የተወሰነውን አውጡና ከ18 እስከ 21 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ክፍል አስቀምጡ። በየቀኑ ከጭራው አጠገብ ያለውን አንገቱን በአውራ ጣት ገፋ አድርጉት። እዚያ ጋ ትንሽ እሺ ካለ ያኔውኑ ይበላል። ሆዱ እስኪለሰልስ ከጠበቃችሁ አልፏል።

*ወይን።* መቅመስ እንጂ ሌላ መለኪያ የለውም። ግን ከዘለላው ጫፍ ቅመሱ፤ የታችኛው ፍሬ ከላይኛው ዘግይቶ ስለሚበስል እሱ ከጣፈጠ ሌላውም ጣፍጧል። ዘር ካለው ዘሩ ቡናማ መሆን አለበት። ዘለላውን በመቀስ ቁረጡ፣ ከእንጨቱ ያዙት፣ ፍሬዎቹን አትደባብሱ። ላያቸው ላይ ያለው ነጣ ያለ ሽፋን ተፈጥሯዊ ሰም ነው። እርጥበታቸውን ይጠብቅላቸዋል።

*ሮማን።* ጥሬው ክብ ነው። ሲበስል ውስጡ ያሉት ፍሬዎች ሞልተው ልጣጩን ስለሚገፉት ጎኖቹ ጠፍጠፍ ብለው ማዕዘን ያወጣሉ። በጣት ሲኳኳ ድምፁ ጠንከር ይላል፤ ሲያነሱትም ከመጠኑ በላይ ይከብዳል። በመቀስ ከቅርንጫፉ አስጠግታችሁ ቁረጡት። ከደረቅ ሰሞን በኋላ ከባድ ዝናብ ሲመጣ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ዝናብ እየመጣ ከሆነ የደረሰውን ቀድማችሁ አውርዱ። የተሰነጠቀው አይቀመጥም፤ ሳይሻግት ያንኑ ዕለት ብሉት።

*በለስ።* አንገቱ ጎንበስ ሲል፣ ሲነካ ልስልስ ሲል፣ አንዳንዴም ልጣጩ ላይ ቀጫጭን ስንጥቅ ሲታይ በስሏል። ስትቆርጡት ነጭ ወተት ከፈሰሰ ቸኩላችኋል። ወተቱ ቆዳ ስለሚያሳክክ ጓንት ማድረግ አይከፋም። ከተለቀመ በኋላ ፍሪጅ ውስጥ እንኳን ጥቂት ቀን ነው ዕድሜው። ከዛፉ ስር ቆሞ መብላት ለማንም ፍሬ ከተፈቀደ ለበለስ ነው።

*ብርቱካን፣ መንደሪንና ሎሚ።* ቀለማቸው ያታልላል። ሙቀት ባለበት አካባቢ ብርቱካን አረንጓዴ ሆኖ ሊበስል ይችላል፤ የልጣጩን ቀለም የሚቀይረው የሌሊት ቅዝቃዜ ነው። አንዱን ቅመሱ። ደጉ ነገር፣ ከበሰሉ በኋላም ዛፉ ላይ ሳምንታት ይቆያሉ። ዛፉን እንደ ጎተራ ተጠቀሙበት። መንደሪን ግን ብዙ ከቆየ ውስጡ ይደርቃል፣ ልጣጩም ይላቀቃል። ሁሉንም በመቀስ ቁረጡ፤ በእጅ ሲነጠቁ ከጭራው ስር ልጣጩ ይቦጨቃል።

*አቮካዶ።* ዛፍ ላይ እያለ አይለሰልስም። ትልልቆቹን አንድ ሁለት ቀድማችሁ አውርዱና ቤት ውስጥ አስቀምጡ። በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት በደንብ ከለሰለሱ ሌላውም ደርሷል። ከተጨማደዱና እንደ ጎማ ከሆኑ ዛፉን ጊዜ ስጡት።

*ኮክና ፕሪም።* እነዚህ በሞቃቱ ወቅት መጨረሻ ላይ ስለሚደርሱ መኸሩን የሚከፍቱት እነሱ ናቸው። ኮክ ከቀዩ ስር ያለው አረንጓዴ ወደ ቢጫ ሲቀየር ይለቀማል። ቤት ውስጥ ይለሰልሳል፣ መዓዛም ይጨምራል፤ ስታርች ስለሌለው ግን ስኳሩ ዛፍ ላይ ከነበረው አይበልጥም። ስለዚህ በተቻለ መጠን አዘግዩት።

4. የመልቀሚያውን ቀንና ሰዓት ምረጡ

ደረቅ ቀን፣ ጠዋት፣ ጤዛው ከደረቀ በኋላ። እርጥብ ፍሬ ቶሎ ይበሰብሳል። የቀትር ፀሐይ የመታው ደግሞ ሙቀቱን ይዞ ስለሚገባ ዕድሜው ያጥራል። የለቀማችሁትን ወዲያው ጥላ ስር አድርጉ።

በጣት ጫፍ ሳይሆን በመዳፍ ያዙ። ቅርጫት ውስጥ አኑሩት፣ አትወርውሩት። ከትንሽ ከፍታ የወደቀ አፕል ዛሬ ምንም አይታይበትም፤ ከሦስት አራት ቀን በኋላ ግን የተመታው ቦታ ቡናማ ሆኖ ይወጣል። ልጆች ካሉ የታችኛውን ቅርንጫፍ ስጧቸው። ግማሹን እየበሉ ይለቅማሉ፤ ይሁን።

መሬት ላይ የወደቀው ውስጥ ተርብ ሊኖር ስለሚችል በባዶ እጅ አትልቀሙ።

5. በዚያው ዕለት ለዩ

ደክሟችኋል፣ ነገ ይደረስበታል ትላላችሁ። አይደረስበትም። አንድ የበሰበሰ ፍሬ ሻጋታውንም ኤትሊኑንም ለጎረቤቱ ያድላል።

ጠረጴዛ ላይ አራት ቦታ ለዩ። አንደኛው ምንም እንከን የሌለው፣ ጭራው ያልተነቀለ ነው። የሚቀመጠው እሱ ብቻ ነው። ሁለተኛው ትንሽ የተመታ ወይም ጭራው የወለቀ ነው፤ በዚህ ሳምንት ይበላል። ሦስተኛው የተሰነጠቀ፣ ወፍ የነካው፣ ትል የገባበት ነው፤ መጥፎው ተቆርጦ ወጥቶ ዛሬ ወይም ነገ ድስት ውስጥ ይገባል። አራተኛው የበሰበሰና የሻገተ ነው። እሱ ይጣላል።

ስለ አራተኛው ጠንከር ማለት እፈልጋለሁ። ሻጋታ የያዘው አፕል “ለጁስ ይሆናል” ተብሎ አይዳንም። አንዳንድ ሻጋታ ፓቱሊን የሚባል መርዝ ያመነጫል፤ ማፍላት ደግሞ በደንብ አያጠፋውም። መሬት ላይ የወደቀ ፍሬም፣ ደህና ቢመስል እንኳን፣ ሳይበስል ለሚጠጣ ጁስ አይሁን። ከአፈርና ከእንስሳት እዳሪ ጀርም ይይዛል። አጥባችሁ፣ ልጣጩን ልጣችሁ፣ ቀቅላችሁ ተጠቀሙበት።

6. ማስቀመጥ

አትጠቡት። የምታጥቡት ልትበሉ ስትሉ ነው።

ለአፕል የሚመቸው ከ0 እስከ 4 ዲግሪ፣ ጨለማና እርጥበት ያለው ቦታ ነው። እያንዳንዱን በጋዜጣ ጠቅልላችሁ በአንድ ረድፍ ደርድሩ፤ አንዱ ቢበሰብስ ወረቀቱ ሌላውን ይከላከላል። ቦታ ከሌለ ቀዳዳ ያለው ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ አድርጋችሁ ፍሪጅ ውስጥ አስገቡ። ዝርያው ይለያያል። “ጋላ” (Gala) እንደሚባለው ዝርያ ቀደም ብለው የሚደርሱት ቶሎ ዱቄት ዱቄት ይላሉ፤ እነሱን መጀመሪያ ጨርሱ። እንደ ፉጂና ግራኒ ስሚዝ ዘግይተው የሚደርሱት ወራት ይቆያሉ። በነገራችን ላይ ግራኒ ስሚዝ ራሷ የጓሮ ልጅ ናት፦ ማሪያ አን ስሚዝ የተባሉ ሴት በ1860ዎቹ አውስትራሊያ ውስጥ በግቢያቸው ሳይተክሏት በቅላ ያገኟት ዛፍ ናት።

አፕልና ፒርን ከካሮትና ከቅጠላ ቅጠል አርቁ። ኤትሊኑ ካሮትን ያመርራል፣ ቅጠሉን ያስቢጫል። ሽንኩርት አጠገብም አይቀመጡ፤ ጠረኑን ይስባሉ። በተቃራኒው አቮካዶ ቶሎ እንዲበስል ከፈለጋችሁ ከአንድ አፕል ጋር በወረቀት ከረጢት ውስጥ አስገቡት።

ያልበሰለ ማንጎ፣ ሙዝና አቮካዶ ፍሪጅ ውስጥ አይግባ፤ ብርዱ ይጎዳውና መብሰሉ ይበላሻል። ሮማን ያልተሰነጠቀ ከሆነ ፍሪጅ ውስጥ ሁለት ወር ገደማ ይቆያል። ልጣጩ ቢደርቅ አትደንግጡ፣ ውስጡ ደህና ነው።

በሳምንት አንድ ቀን ካርቶኑን ፈትሹ። አፍንጫችሁ ከዓይናችሁ ይቀድማል።

7. የተረፈውን ኩሽና ውስጥ ጨርሱት

ጊዜ ከሌላችሁ ፍሪዘር ይበቃችኋል። ቁረጡት፣ እንዳይጠቁር ሎሚ ነካ አድርጉበት፣ በትሪ ላይ ሳይነካካ ዘርግታችሁ አቀዝቅዙ፣ ከዚያ ከረጢት ውስጥ ክተቱ። በመጀመሪያ ከረጢት ውስጥ ካስገባችሁት አንድ ድንጋይ ይሆናል። በ18 ዲግሪ ከዜሮ በታች እስከ ዓመት ገደማ ይቆያል።

ማድረቅም ጥሩ ነው። አፕሉን ወይም ፒሩን 5 ሚሊሜትር ውፍረት አድርጋችሁ ቆራርጡ። በማድረቂያ ወይም በኦቨን ከ57 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ሙቀት አድርቁ። ከዚያ በላይ ከሆነ ውጩ ጠጥሮ ውስጡ እርጥብ ይቀራል። አንዱን አጥፋችሁ ስትጫኑት እርጥበት ካልወጣው ደርቋል። አፈ ሰፊ ጠርሙስ ውስጥ እስከ ሁለት ሦስተኛው ሙሉና ለአንድ ሳምንት በየቀኑ ነቅንቁት። ጠርሙሱ ውስጥ ላብ ከታየ እንደገና ይድረቅ።

ማርማላታ ስትሠሩ ጉዳዩ ፔክቲን፣ ማለትም ፍሬው ውስጥ ያለው የሚያረጋው ነገር ነው። አፕል፣ በተለይ ያልበሰለው፣ እንዲሁም የብርቱካንና የሎሚ ልጣጭ ብዙ ፔክቲን አላቸው፤ በራሳቸው ይረጋሉ። በለስ፣ ፒርና ኮክ ያንሳቸዋል። ለእነሱ የሎሚ ጭማቂና ጥቂት የተፈቀፈቀ አፕል ጨምሩ። ፍሬውና ስኳሩ በክብደት እኩል ቢሆኑ የተለመደ ነው። መጀመሪያ ፍሬውን ብቻውን አለስልሱት፣ ስኳሩ ከዚያ ይግባ፤ ስኳር ከገባ በኋላ ልጣጭ አይለሰልስም።

በባሕር ጠለል ከፍታ ማርማላታ የሚረጋው 104 ወይም 105 ዲግሪ ሲደርስ ነው። ከፍ ያለ ቦታ የምትኖሩ ግን ይህን ቁጥር ከጠበቃችሁ ታሳርሩታላችሁ። በየ300 ሜትሩ ውሃ የሚፈላበት ሙቀት አንድ ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ስለዚህ የእናንተ ውሃ የሚፈላበትን ለኩና 4 ወይም 5 ዲግሪ ጨምሩበት። ቴርሞሜትር ከሌለ ሳህን ፍሪዘር ውስጥ አቀዝቅዙ፣ ጠብታ አድርጉበትና ከደቂቃ በኋላ በጣት ግፉት። ከተጨማደደ አውርዱት።

8. ትኩሱን በወጉ ብሉት

ያን ሁሉ ለፍቶ ፍሬውን ከፍሪጅ አውጥቶ ወዲያው መንከስ ያሳዝናል። ብርድ መዓዛን ይደብቃል። ከመብላታችሁ በፊት አንድ ሰዓት ያህል ውጭ ይቆይ። ሁለት ሦስት ዝርያ ካላችሁ ቆራርጣችሁ ጎን ለጎን አቅርቡ፣ ከጎምዛዛው ጀምራችሁ ወደ ጣፋጩ ሂዱ። ከጣፋጩ ከጀመራችሁ ሌላው ሁሉ ኮምጣጤ ይሆንባችኋል።

ለእንግዳ ደግሞ በጣም ቀላሉ፦ አፕሉን መሃሉን አውጡ፣ ዘቢብና ቀረፋ ሙሉበት፣ ድስቱ ስር ትንሽ ውሃ አድርጋችሁ በ180 ዲግሪ እስኪለሰልስ ጋግሩ። ስትለዩ ሁለተኛው ቦታ ያደረጋችሁትን፣ ትንሽ የተመታውን፣ ለዚህ ተጠቀሙበት፤ ምቱ አይታወቅም።

9. ዛፉን አጽዱ

የመጨረሻው ፍሬ ሲወርድ ሥራው አላለቀም። ዛፉ ላይ ደርቀው የተንጠለጠሉትን ፍሬዎች አንድ ሳታስቀሩ አውርዱ። የበሽታ ዘር እነሱ ውስጥ ይከርማል። የወደቀውን ፍሬ ልቀሙ። የአፕል ቅጠል ላይ ጥቋቁር ቅርፊት የመሰለ ነጠብጣብ ከነበረ የረገፈውን ቅጠልም ጥረጉ። ትል ያለበትን ፍሬ እንዲሁ ኮምፖስት ላይ መጣል ትሉን ማርባት ነው። ጥቁር ፕላስቲክ ውስጥ አጥብቃችሁ እሰሩና ለጥቂት ሳምንታት ፀሐይ ላይ ተዉት።

ገለባ ወይም ደረቅ ቅጠል ከዛፉ ስር አልብሱ፣ ከግንዱ ግን አስር ሴንቲሜትር ያህል አርቁት። የኮክና የፕሪም ዛፍ በእርጥብ ወቅት አትግረዙ፤ በቁስሉ በኩል ፈንገስ ይገባል። ብርድ የሚበረታበት አካባቢ ከሆናችሁ ናይትሮጅን የበዛበት ማዳበሪያም አሁን አይሰጥ። ለጋ ቅጠል ያወጣና ብርዱ ያቃጥለዋል።

የትኛው ዛፍ መቼ እንደደረሰና የትኛው ዝርያ ምን ያህል እንደቆየ ሳትረሱት ጻፉት። ካርቶኑ ላይም የዝርያውን ስምና የተለቀመበትን ቀን በስክሪብቶ ጻፉ። ከወር በኋላ የትኛው የትኛው እንደነበር ማንም አያስታውስም።